ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት?

ተማሪ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ከኋላው ከዘጋ ነገር አለ ማለት ነው። በሩን ክፍት ትቶ «አይ-20 ይፈርሙልኛል?» የሚለው ልጅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። በሩን ዘግቶ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ በአማርኛ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት?» ካለኝ ግን ሻዬን አስቀምጬ እዘጋጃለሁ።

ሥራዬ እዚህ አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የውጭ አገር ተማሪዎችን በኢሚግሬሽን ጉዳይ ማማከር ነው። አይ-20 የሚባለውን፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲው እንደተቀበለው የሚያሳየውንና ቪዛ የሚጠይቅበትን ወረቀት የምናወጣው እኛ ነን። ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት ሲስተም ላይ ተማሪው ተመዘገበ፣ አቋረጠ፣ አድራሻ ቀየረ እያልን የምናስገባውም እኛው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ኤምባሲ የምሠራ ነው የሚመስላት። ለሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ብላ ስላወራች «ቪዛ አስመታልን» የሚል ስልክ አይጠፋብኝም። ቪዛ የሚሰጠው ቆንስሉ ነው። እኔ ማስመታት ይቅርና ለምን ተከለከለ ብዬ የምጠይቅበት አፍም የለኝ።

ባለፈው አርብ የመጣው ልጅ በሩን ዘጋ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት። ተቀመጠና «ጋሼ፣ ባለፈው ሰመር አጎቴ ጋር…» ብሎ ሲጀምር እጄን አነሳሁ። «ቆይ፣ እሱን ከመጨረስህ በፊት እኔ ልናገር» አልኩት።

እኔ ጠበቃህ አይደለሁም አልኩት። ሀበሻ መሆኔም፣ በዕድሜ አባትህን ማከሌም ይህን አይለውጠውም። ጠበቃ የነገርከውን በምስጢር ይይዝልሃል። እኔ ግን አንድ ተማሪ ስታተሱን፣ ማለት በተማሪነት እዚህ የመኖር ሕጋዊ መብቱን፣ እንዳበላሸ ካወቅኩ በ21 ቀን ውስጥ ሴቪስ ላይ የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ፤ ሰምቼ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ደንቡ ምን ይላል ብለህ ጠይቀኝ፣ እስኪሰለችህ እነግርሃለሁ። ምን እንዳደረግክ ግን መጀመሪያ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ንገር። ይህን ብዬ በነፃ የሚያማክሩትን ጨምሮ የጠበቆች ዝርዝር ሰጠሁት።

ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። «ሀበሻ ነዎት ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» አለኝ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ያቺ ቃል ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ምን ሊለኝ እንደነበር አላውቅም። ግን እዚህ ያለን ሀበሾች ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አለ። አጎት አለ፣ ወይ የአክስት ባል፣ ወይ የአባት የጥንት ጓደኛ። ፓርኪንግ ያስተዳድራል፣ ወይ ነዳጅ ማደያ አለው፣ ወይ ሬስቶራንት። ልጁን ኤርፖርት የተቀበለው እሱ ነው፣ ቤዝመንቱን በነፃ የሰጠው እሱ ነው፣ እሁድ እሁድ ዶሮ የምታበላው ሚስቱ ናት። ታዲያ አንድ ቀን «ቅዳሜ ቅዳሜ ና እኔ ጋ ሥራ፣ በካሽ ነው፣ ማን ያያል?» ይላል። ይህን ሲል ክፋት የለበትም። ከልቡ ሊረዳው ነው። ነገሩ አጎት የመጣበት መንገድ ሌላ ነው፤ በዲቪ ወይ በስደተኝነት መጥቶ ከመጀመሪያው እንደ ልቡ እየሠራ ነው የኖረው። የተማሪ ቪዛ ምን እንደሆነ የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። «እኔ ስመጣ እኮ በሦስተኛው ቀን ነው ሥራ የጀመርኩት» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ግን ለልጁ አይሠራም።

በኤፍ-1፣ ማለት በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ግቢ ውስጥ መሥራት ይችላል፣ ትምህርት በሚኖርበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት። ላይብረሪው፣ ካፌው፣ የዲፓርትመንቱ ቢሮ። ከግቢ ውጭ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ኡበር መንዳት ሥራ ነው። ምግብ ማድረስ ሥራ ነው። የሰው ልጅ ጠብቆ ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ ሃምሳ ዶላር መቀበልም ሥራ ነው። ሌላ ጥፋት ብዙ ጊዜ መላ አይጠፋለትም፤ ለምሳሌ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ክሬዲት ጎድሎበት ስታተሱ የወደቀ ተማሪ በአምስት ወር ውስጥ ይመለስልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ያለ ፈቃድ ከሠራ ግን ያ በር ይዘጋበታል። ከዓመታት በኋላ ግሪን ካርድ ሲያመለክትም ቅጹ ላይ ያለ ፈቃድ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሕጋዊ መንገድ ነበረው እኮ! ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት የተማረ፣ ያላሰበው የገንዘብ ችግር የደረሰበት፣ የግቢ ሥራም የማይበቃው ተማሪ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ከግቢ ውጭ የመሥራት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ደንቡ ላይ ያልታሰበ ችግር ተብለው በምሳሌነት ከተዘረዘሩት አንዱ የምንዛሪ ለውጥ ነው። በ2024 ጁላይ መጨረሻ ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አባት ያጠራቀመው የልጁ ክፍያ በአንድ ክረምት ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? የባንክ ወረቀት፣ የአባት ደብዳቤ፣ እኔ አይ-20 ላይ የምጽፈው ድጋፍ፣ አይ-765 የሚባል ቅጽ፣ ከዚያ ወራት ሊወስድ የሚችል ጥበቃ። አዎ ያሰለቻል። ፈቃዱም እጅ ሳይገባ አንድ ሰዓት መሥራት አይቻልም። ግን ሲመጣ በጠራራ ፀሐይ፣ በግልጽ፣ አጎትም ጋ ቢሆን ይሠራል።

ክሬዲትም እንደዚሁ ነው። የአንደኛ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ ከዚያ ውስጥ እንደ ሙሉ ሰዓት የሚቆጠርለት የኦንላይን ክፍል አንድ ብቻ ነው። ሲያመው ከሐኪም ወይ ከሳይኮሎጂስት ደብዳቤ አምጥቶ መቀነስ ይችላል፣ ግን እኔ ሴቪስ ላይ ፈቃዱን ካስገባሁ በኋላ ነው ኮርሱን የሚጥለው። የእኛ ልጆች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። እግሩ የተሰበረ ይመጣል፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ከአልጋው መነሳት አቅቶት የከረመው ግን «ሰነፍኩ» ብሎ ዝም ብሎ ኮርሱን ይጥላል። ልጆች፣ ድብርት ሕመም ነው። ወረቀትም ይጻፍለታል።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ልጅ፣ በጣም የምትመካበት ውጤት ያላት፣ ሜይ ላይ ተመረቀች። ወላጆቿ ከአገር ቤት መጥተው፣ ድግሱ፣ ፎቶው፣ ዘመድ ጥየቃው። ጁላይ መጨረሻ ላይ በሳቅ ገብታ «ኦፒቲዬን ልጀምር ነው» አለችኝ። ኦፒቲ ማለት ከምርቃት በኋላ በሙያ አንድ ዓመት የመሥራት ፈቃድ ነው፤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለተማረ 24 ወር ይጨመርበታል። ማመልከቻው ትምህርቱ ከማለቁ 90 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ እስካለቀ በ60ኛው ቀን ድረስ መግባት አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ ጋውን ከለበሱበት ሳይሆን አይ-20 ላይ ከተጻፈው የማብቂያ ቀን ነው። ካላንደሩን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ሦስተኛም ቆጠርኩ። አልፏል። ከዚያ ወዲህ ፌብሩዋሪ ላይ ለተመራቂዎች በኢሜይል፣ በስልክ፣ ካፌ ሳገኛቸውም በአፌ እጨቀጭቃለሁ። ስሜ «ጋሽ ዴድላይን» ሆኗል፤ ይሁን።

ቪዛና ስታተስ የሚለውን ነገር በየሳምንቱ ነው የማስረዳው። በ2025 ጁላይ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ የሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ አደረገችው። ልጆቹ ደነገጡ፤ «ቪዛዬ ተቃጠለ፣ አራት ዓመት ልማር ነው የመጣሁት» እያሉ መጡ። ቪዛ የሰርግ መጥሪያ ካርድ ነው። በር ላይ ያሳዩታል፣ ገብተው ከተቀመጡና ከበሉ ማንም አይጠይቅም። ውስጥ የሚያኖርህ ስታተስህ ነው፦ አይ-20ህ ያልተዘጋ፣ ትምህርትህ ያልጎደለ፣ ያለ ፈቃድ ያልሠራህ። ግን ከሰርጉ ወጥተህ ልትመለስ ካሰብክ አዲስ መጥሪያ ያስፈልግሃል። ስለዚህ «ለገና አገር ቤት ደርሼ ልምጣ» ማለት ዛሬ እንጦጦ መንገድ ያለው ኤምባሲ እንደገና ቃለ መጠይቅ መግባት ማለት ነው፣ 185 ዶላሩም እንደገና። ቢከለክሉህ ሴሚስተሩ ያለ አንተ ይቀጥላል። የሚያሳዝነኝ ትኬት ከቆረጠ በኋላ ሊያማክረኝ የሚመጣው ነው። እናት የታመመችበትን አትሂድ አልልም፣ ማንም አይልም። በደስታ ጉዳይ የሚሄደውን ግን ሁለቴ አስብ እላለሁ።

አገር ቤት ሆናችሁ አሁን ለምትጀምሩ ደግሞ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን አይ-20 ከመውጣቱ በፊት አስተካክሉ። ትራንስክሪፕቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ በፈረንጅ፣ የአያት ስም አንዱ ላይ አለ አንዱ ላይ የለም። የሚመራው ፓስፖርቱ ነው። አይ-20ው፣ የሴቪስ 350 ዶላር ደረሰኝና የቪዛ ማመልከቻው አንድ ዓይነት ይሁኑ። በአጎት ካርድ ስትከፍሉም የሚገባው የከፋዩ ሳይሆን የእናንተ ስም ነው።

በ2025 የጸደይ ወራት የብዙ ተማሪዎች መዝገብ ሴቪስ ላይ ከመንግሥት በኩል ሲዘጋ፣ ጠዋት ቢሮ ገብቼ መጀመሪያ የማደርገው ኮምፒውተሩን ከፍቼ ስማቸውን አንድ በአንድ ማየት ነበር። ተማሪዎች በየፍርድ ቤቱ መንግሥትን ከከሰሱ በኋላ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ መዝገቦቹ መመለስ ጀመሩ። በዚያ ሰሞን ጥፋት ያልሠራውም ተማሪ በሩን እየዘጋ ነበር የሚገባው።

የአርቡ ልጅ ጠበቃ ጋ ሄዷል። እንደሄደ የማውቀው ራሱ አንድ መስመር ጽፎልኝ ነው፤ «ሄጃለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብቻ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ማክሰኞ ደግሞ የክፍል ጓደኛው መጣ፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ከሐዋሳ። የአባቱን የባንክ ወረቀት በፕላስቲክ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «እሱ ነው የላከኝ» አለ። «ገና ምንም አልሠራሁም፣ ሥራ ግን አግኝቻለሁ።»

«ግባ» አልኩት። በሩን ሳይዘጋው ተቀመጠ።