ሦስት ሜትር የማትሞላ ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ልጆቹን ይዘን ከለንደን ፋልመዝ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ «ነካኝ»፣ «አልነካሁትም» ነበር። ስንደርስ ዝናብ፣ ስለዚህ የባሕር ሙዚየሙ ገባን። እውነቱን ለመናገር እኔ የፈለግኩት ሻይ ነበር።

ኤድናሜርን ያየኋት እዚያ ነው። ሦስት ሜትር እንኳን የማትሞላ የመቅዘፊያ ጀልባ። ስድስት ሰው ሲቀመጥባት ጠርዟ ከውሃው የሚበልጠው ስንዝር አይሞላም ነበር አሉ። አንዱ ለመዞር ሌላውን ማስፈቀድ አለበት። ኋላ ወንበሬን አሰብኩና ዘገነነኝ።

የጀልባዋ ባለቤት ዱጋል ሮበርትሰን ቀድሞ መርከበኛ ነበር፤ በኋላ ላም አርቢ ሆነ። እርሻውን ሸጦ ሉሴት የምትባል ያረጀች የእንጨት ባለ ሸራ ጀልባ ገዛ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ጥር ላይ ሚስቱን ሊንንና አራት ልጆቻቸውን ጭኖ ከዚሁ ከፋልመዝ ዓለምን ሊዞር ወጣ። መንታዎቹ ገና ትንንሽ ነበሩ። ትልቋ ልጅ ባሃማስ ላይ ቀረች፤ ፓናማ ላይ አንድ ወጣት ተጨመረ። ሰኔ 15፣ 1972 ከጋላፓጎስ በስተምዕራብ ኦርካ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ሉሴትን መቷት፣ በደቂቃዎች ሰጠመች። ስድስቱ በአንድ የጎማ ጀልባና ሉሴት ይዛት በነበረችው በኤድናሜር አመለጡ።

ያተረፉት 10 ብርቱካን፣ 6 ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ብስኩትና ከረሜላ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መርከብ አጠገባቸው አለፈ፤ ብርሃን ቢተኩሱም አላያቸውም። የጎማ ጀልባቸው አየር መያዝ ሲያቅተው ሁሉም ኤድናሜር ላይ ተጠጋጉ። ዝናብ ያጠራቅማሉ፣ ኤሊ ያርዳሉ፣ ደሙን ይጠጣሉ። ሊን ነርስ ነበረች። ለመጠጥ የማይሆነውን የቆሸሸ ውሃ በጎማ ቱቦ ከታች በኩል ሰጠቻቸው፤ በአፍ ቢሆን ያስመልሳቸዋል። እኔ በዚያ ሰዓት ይሄ የሚታሰበኝ አይመስለኝም። በ38ኛው ቀን የጃፓን ዓሣ አጥማጆች አነሷቸው። ስድስቱም በሕይወት።

ሰውዬውን ግን አልማርኩትም። እሺ፣ አንተ ባሕር አማረህ፣ ትንንሾቹን ማን ጠየቃቸው? ባለቤቴ «ጠይቀን ነው እንዴ እኛ እዚህ ያመጣናቸው?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ማታ እማዬ ስትደውል ነገርኳት። እሷ ባሕር አይታ አታውቅም። እኔን በ19 ዓመቴ ቤሩት የላከችኝ ሁለት ላም ሸጣ ነው፣ ለደላላው። ስለ ዓሣ ነባሪው፣ ስለ ኤሊው ደም ስነግራት «ኤዲያ!» እያለች ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ምን አጥቶ ነው? ላም እያለው?»