የሰኞ ገበያው ክብ ስሙኒ

ደሴን በገበያዋ ማየት የፈለገ ሰው ሰኞን መጠበቅ አለበት። ሰፈሩ ራሱ ስሙ ሰኞ ገበያ ነው። በሌላው ቀንም ሱቆቹ ክፍት ናቸው፤ የዙሪያው ገጠር ነቅሎ የሚገባው ግን ሰኞ ነው።

እሑድ ማታ ኮምቦልቻ አደርኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊት ብርዷ አይቻልም፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ቢያድሩ በአንሶላ ብቻ ይተኛሉ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሾፌሩ በየኩርባው ጡሩንባ ይነፋል፣ በቴፑ መንዙማ ከፍቷል፣ ረዳቱ ደግሞ መልስ የጠየቀውን ሁሉ «አብሽር!» እያለ ያረጋጋል። መልሴን የሰጠኝ ደሴ ገብተን ነው።

የእህሉን፣ የበርበሬውንና የዶሮውን ተራ በፍጥነት አለፍኩት። የእኔ ጉዳይ አሮጌ ዕቃ ነው። ፈረንጆቹ ቅዳሜና እሑድ የቤታቸውን ትርፍ ዕቃ በራቸው ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ ይባላል። እኛ ጎረቤት እያየ ዕቃችንን ደጅ ማስጣት አይሆንልንም። ልብሱን ለልዋጭ ሰጥተን ሳፋ እንቀበላለን፣ ብረታ ብረቱን «ቆራሌው!» እያለ ለሚያልፈው ልጅ እንሸጣለን፣ አዛውንት ያረፉበት ቤት ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባንድ ላይ ተጠራርጎ ይወጣል። ከዚያ መዳቡ ወደ ሚዛን፣ ብሩ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። የተረፈው ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል።

ጆንያው ላይ የከሰል ካውያ፣ ቁልፋቸው የጠፋ ጓጉንቸሮች፣ የወታደር ኮዳ፣ ሆዱ ወጥቶ ሽቦው የሚታይ ሬዲዮ ነበር። ባለቤቱ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ነጭ ኮፍያ የደፉ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ አበቤነቴን ከጫማዬ ነው መሰለኝ ያወቁት፤ ሳልጠይቃቸው ከኪሳቸው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ፈቱ።

«ማርትሬዛ ነው ልጄ። 5,000 ብር። ለሌላ ሰው ቢሆን አላወጣውም ነበር።»

ማርትሬዛ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ የብር ገንዘብ ነው፤ ላዩ ላይ በፈረንጅ 1780 የሚል ዓመት ተጽፏል። ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያ ዓመት ነው፤ ገንዘቧ ግን ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት በቪየና፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሳይቀር ታትሟል። ጣሊያንም ሊወረን ሲሰናዳ የማተሙን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳትሞታል፤ የእኛ ገበሬ በወረቀት ሊራ እህሉን እንደማይሸጥ ገብቶት ነበር። ስለዚህ 1780 ስለተጻፈበት ብቻ የዚያ ዘመን ነው ማለት አይቻልም። ብሩ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ግን ጠርዙን ማየት ይበጃል፤ ዙሪያውን ጎላ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ አለው። ክብደቱ 28 ግራም ነው፣ በሌላ ብር መታ ሲያደርጉት ይጮኻል። የሽማግሌው ብር ጠርዙ ልሙጥ ነው፣ ስመታውም ድምፁ ድፍን አለብኝ። በቅርጽ ተቀድቶ የወጣ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጠርዟ ላይ ጽሑፍ የላትም» አልኳቸው በትሕትና።

«ምን ታደርጋት? አሮጊት ናት፤ ጥርሷ ረግፏል» ብለው ሳቁና መልሰው ቋጠሯት።

ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ኩርሲ ሰጥተውኝ የኒዶ ጣሳ ሙሉ ሳንቲም ፊቴ ገለበጡልኝ። የደርግ ዘመን አምስትና አሥር ሳንቲም፣ አንድ ሁለት የጣሊያን ሊራ፣ የጃንሆይ ቀይ ሳንቲሞች። ከቀዮቹ አንዱ ላይ እጄ ቆመ። ስሙኒ፣ ማለትም ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፣ ግን ክብ ነው።

የጃንሆይን ስሙኒ የሚያስታውስ ሰው ጠርዙ ሞገድ ሞገድ እንደነበር ያውቃል። ሲጀመር ግን እንደዚያ አልነበረም። 1936 የሚለው ዓመት የተጻፈባቸው ሳንቲሞች ሲወጡ ሽልንጉ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ከብር የተሠራ ነበር፤ ብሩንም አሜሪካ ናት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያበደረችን። ስሙኒው ደግሞ መዳብ ሆኖ በስፋቱ ከሽልንጉ ጋር ተቀራረበ። የኛ ሰው ይህን አይቶ ዝም አይልም። ስሙኒውን ብር እየቀባ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፈው ጀመር፣ ባንድ ቀለም እጥፍ ትርፍ! መንግሥት በ1940ዎቹ ክቡን ሰብስቦ ጠርዙ ሞገድ የሆነውን ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህኛውም እንደ ማርትሬዛ ዓመቱን አይናገርም፤ እስከ ጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ድረስ የተመታው ሁሉ 1936 ይላል። ሞገድ ሳይሆን የቀረው ክቡ ግን ቀደም ያለ መሆኑ በቅርጹ ይታወቃል።

ወደ ብርሃኑ አዙሬ አየሁት። የንጉሡ ፊት ከመታሸት ብዛት ልሟል። ፊደሎቹ ሥር፣ ጣት በማይደርስበት ስርጉድ ውስጥ፣ ቀጭን ነጭ ነገር ይታያል። ቆሻሻ መስሎኝ በጥፍሬ ፈተግኩት፤ አልለቀቀም።

«እሱን ተወው፣ መዳብ ነው» አሉ ሽማግሌው። ስንት ነው ስላቸው ትንሽ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ 100 ብር ብለው ቁልፍ የሌለው ጓጉንቸር መረቁልኝ።

ስነሳ አንድ ጎረምሳ ተከተለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብራና አለ፣ ታያለህ?» አለኝ። አላይም አልኩት፤ ዞርም አላልኩ። የደሴ ሙዚየም በ2014 ጦርነት ተዘርፏል፤ የየደብሩና የየመስጊዱ የእጅ ጽሑፍም ከየት ወጣ ሳይባል ገበያ ሊቀርብ አይገባም። በአዋጅ 209/1992ም ቅርስ እንደ ተራ ዕቃ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሳንቲም መልቀም ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ሌላ።

ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አካባቢ አንድ አንጥረኛ ቤት ገባሁ። ነጩ ነገር ምን እንደሆነ በባለሙያ ዓይን ማረጋገጥ ፈልጌ ነው። ወጣቱ አንጥረኛ በማጉያ መነጽር አየው፣ በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገው።

«ብር ነው፤ ተቀብቶ ነበር፣ ለቋል» አለኝ። ደስታዬን ሲያይ የፈለግኩት ሌላ ነገር መሰለው። «ወንድምዬ፣ አብሽር፤ ነገ ጠዋት ብትመጣ አዲስ አድርጌ እቀባልሃለሁ። ከሽልንግ አትለየውም።»