ድንቹ ሙሽራ

ባለፈው ቅዳሜ ሚስቴ ድንች አምጣ ብላኝ ገበያ ወጣሁ። ሻጯ 2 ኪሎ መዝና ፌስታሌ ውስጥ ገለበጠችልኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ለሰርግ ነው?» አለች። አጠገቧ ያሉት ሽንኩርት ሻጮች በሳቅ ወደቁ። አንዷማ ሚዛኗን ጣለችው።

ከተጋባን እኮ ሦስት ዓመት ሆነን! ግን ደብረ ማርቆስ ነገር አይረሳም። ከተማው ስሙ ከተቀየረ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም «መንቆረር» የሚሉት ሽማግሌ አይጠፉም። የእኔን ድንች በሦስት ዓመት ይረሱታል ብዬ መጠበቄ ራሱ ሞኝነት ነው።

ልንጋባ ስንል የነበረን ብር ለሰርግ የሚበቃ አልነበረም። ለሰርግ መጥሪያ ግን ይበቃል። ስለዚህ ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዛንና ወጪ መቀነስ ጀመርን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ከአባቴ እድር። ቬሎው በኪራይ። ሱፉ የወንድሜ። ሚዜ ከስድስት ወደ ሁለት ወረደ፤ አራቱ እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። መኪና አንድ፣ የቀረው አጃቢ በባጃጅ። አስር ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ አደባባዩን ሲዞር ቀፎው የተነካ ንብ ነው የሚመስለው። ግን ርካሽ ነው።

ማግባቱ ደግሞ ጥር ላይ ነው። ጥርን ካሳለፍክ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከዚያማ እስከ ፋሲካ ቁጭ ነው። አገር ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ጥር ላይ ይጋባል። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ዶሮው ጥር ላይ በግ ያህላል። በዋጋ ማለቴ ነው፤ በአካልማ እርግብ ነው።

የደብተሩ ምርጥ ገጽ ግን የዶሮ ወጡ ነበር። አንድ ዶሮ 12 ብልት። 25 ዶሮ ሲባዛ በ12፣ 300። አንድ ትሬ እንቁላል 30። አስር ትሬ፣ 300። የተጠራው ሰው 300። ለአንድ ሰው አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል፣ ቀሪ ዜሮ። ይህን ሒሳብ ስጨርስ የተሰማኝን ኩራት የማትሪክ ውጤቴ አልሰጠኝም። ሚስቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳይቻታለሁ። (ያኔ እጮኛዬ ነበረች። ቀሰቀስኳት ስል በስልክ ነው፤ ነገር እንዳይመጣ።)

ሒሳቡን ያበላሸው ማተሚያ ቤቱ ነው።

150 መጥሪያ ነው ያሳተምኩት። «ከባለቤትዎ ጋር» ብዬ በእጄ ጽፌ ሰጠሁ። 150 በሁለት 300። ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣ «ከነመላ ቤተሰብዎ» ይላል። ምንድነው ይሄ ብል «ጋሼ፣ ዲዛይኑ ላይ ያለ ነው» አለኝ ልጁ። ዲዛይኑ ላይ ያለ! አበባ ነው እንዴ? ያችን አንድ ቃል እነሱ በነጻ ይጨምራሉ፣ እኔ በዶሮ እከፍላለሁ። አንድ ሰውዬማ ሚስቱን፣ ሰባት ልጆቹንና ከቢቸና የመጡበትን እንግዶች ይዞ ከተፍ አለ። በር ላይ ፊቴ ሲጠቁር ጊዜ መጥሪያውን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ አሳየኝ። «ከነመላ» የምትለዋ ላይ ጣቱን አቆያት።

በዕለቱ ጠዋት ቪዲዮ አንሺው ደረቴ ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ሰካብኝ። የጤፍ ቅንጣት ታህላለች ብል ማጋነን ነው፤ ባቄላ ታህላለች። ገመድ አልባ ማይክ ናት። «ስለ ሙሽሪት ስትናገር ድምፅህ ጥርት ብሎ እንዲሰማ» አለኝ። ተናገርኩ። ጥርት ብሎ ተሰማ። ሴቶቹ እልል አሉ። ማይኳ የት ጋ እንደምትጠፋ ግን አላሳየኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ጭራሽ ረሳኋት።

ምሳ ቀረበ። ሙሽራ ከተቀመጠበት እንደማይነሳ አውቃለሁ። ግን ከመድረኩ ላይ ሆኜ አንድ ነገር አየሁ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሰው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይበላሉ። ሳህናቸው ላይ ሁለት እንቁላል አለ።

ሁለት።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ያው ሁለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሙሽሪት ታውራኝ፣ ዘመድ ይሳመኝ፣ ምንም አልሰማም። ሁለት እንቁላል ማለት አንድ ሰው ባዶውን ቀረ ማለት ነው። ደብተሩ አይዋሽም። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኳትና በድንኳኑ ጀርባ ወጣሁ። ፈጣሪ ይመስገን፣ እውነትም ሽንት ቤት አልሄድኩም። ወጥ ቤት ነው የሄድኩት። አክስቴ ናቸው የወጥ ቤቱ አዛዥ።

«እትዬ፣ ስንት እንቁላል ቀረ?»

«አንተ ልጅ! ሙሽራ ወጥ ቤት ምን ይሠራል? ሂድ ተቀመጥ!»

«ስንት ቀረ?»

«ሰባ ቢሆን ነው።»

«ያልበላው ሰው መቶ ሃምሳ ይሆናል እኮ። በክር ለሁለት ለሁለት ክፈሉት።»

«ሰርግ ላይ ግማሽ እንቁላል? እኔ እጄ አይቆርጠውም።»

«እሺ፣ ለሙሽሪት ወገን ሙሉውን ስጡ። ለእኛ ወገን ግማሽ። የእኛዎቹ ምንም አይሉም።»

«እነዚያ ጥግ ላይ ያሉትስ? አላወቅኋቸውም።»

«ያልተጠሩ ናቸው። ለእነሱ ድንች ቀቅሉና ጨምሩበት። ክብ አድርጋችሁ ላጡት። አንዴ በርበሬ ከነካው ማን ይለየዋል?»

ይህን ስል ከድንኳኑ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ «ማን ይለየዋል» ሲል ሰማሁ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እንደ እኔ የሚያስብ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ። ቀጥሎ ሙዚቃው መቆሙ ገባኝ። (ዲጄውን መቼም ይቅር አልለውም። የእኔን ድምፅ መቀነስ ሲችል የቀነሰው ሙዚቃውን ነው።) ከዚያ አንደኛ ሚዜዬ ወንበር እየዘለለ መጣ።

«ማይኩን! ማይኩን!»

«የምን ማይክ?» አልኩት። እሷም ተሰማች።

ከወጥ ቤቱ እስከ መድረኩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። የጮቄን ተራራ በእግሬ ብወጣ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባዋለች። አባቴ የድንኳኑን ምሰሶ አተኩሮ ያያል፤ የተሰበረ እንደሆነ እድሩ ያስከፍላል ብሎ ይሆናል። የእኛ ወገን ሹካውን አስቀምጧል። የሙሽሪት ወገን ደግሞ፣ ምን አለበት፣ ሙሉ እንቁላል ተወስኖለታል፣ ይበላል። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ከጥግ አንድ አዛውንት ተነሡ።

«ልጄ፣ ድንቹም ቢሆን ይምጣ። ጥግ ላይ ያለነው ርቦናል።»

ድንኳኑ ሊፈርስ ሆነ። ሳቁ ባጃጆቹ ድረስ ደረሰ መሰለኝ፣ እነሱም ጥሩምባ ጨመሩበት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። መድረኩ ላይ እንደተቀመጥኩ የሚስቴ አባት ተነሡ። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የዘረፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ጎጃም ውስጥ የቅኔ ሰው ከተነሣ ሰው ማኘኩን ያቆማል። ሲዞሩ ነጭ ጋቢያቸውን አየሁት። ባለ ሁለቱ እንቁላል እሳቸው ኖረዋል! የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ልጅ የጠየቀን ሰው ብዙ ነበር ድሮ፣
እንቁላሉን ሰጠን፣ ሌላው ይሂድ ዞሮ።»

ሽማግሌዎቹ «ይበል!» ብለው ወንበር መቱ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ የሰማሁት «እንቁላሉን ሰጠን» የምትለዋን ብቻ ነው። አሃ፣ የኔታም ገቡበት አልኩ በልቤ። ደሜ ፈላ። ፊቴን ከሰከስኩ። በዚያም አላቆምኩም፤ ተነሥቼ፣ አራት መቶ በሚሆን ሰው ፊት፣ እንዲህ አልኩ፦

«የኔታ፣ ለእርስዎ እኮ ሁለት ነው የተሰጠዎት!»

ማይኳ ያኔም አልተነቀለችም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከቅድሙ በላይ ሳቁ። እኔ ደግሞ ነጥብ ያስቆጠርኩ መስሎኝ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቪዲዮው ላይ አለ። ቪዲዮ አንሺው ያችን ፊት አቅርቦ፣ አቅርቦ፣ አፍንጫዬ ብቻ እስኪቀር ነው ያነሣት። «ይህን ክፍል ቁረጥልኝ» ብለው ለመቁረጥ ሌላ ሒሳብ ጠየቀኝ። ደብተሩ ላይ ብር አልነበረም። ይኸው ሳይቆረጥ አለ። ዘመድ በመጣ ቁጥር አማቴ ይከፍቱታል።

ጫጉላችን ባሕር ዳር ነበር የታሰበው፤ ጣና ዳር፣ ሦስት ሌሊት። የቀረን ገንዘብ ግን እንጅባራ ላይ የሚያቆም ነው። ምን ቸገረን፣ የዘንገና ሐይቅ አለ፣ ሐይቅ ሐይቅ ነው ተባባልን። በሚኒባስ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፈን ጥር 22 ማታ ደረስን። አልጋ የሚባል የለም። ለካ በማግስቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው! ከየወረዳው ፈረሱን ያስጌጠ ሁሉ ይመጣል፤ እንግዳው ቀድሞ ይዞታል። ደብተሩ ላይ ይህ አልነበረም። ሚስቴ ከእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ጋር አንድ አልጋ ተጋርታ አደረች። እኔ ወንበር ላይ። የጫጉላዬ የመጀመሪያ ሌሊት ከአንድ የቡሬ ነጋዴ ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ ስናወራ ነጋ።

በማግስቱ መንገዱ ሁሉ ፈረሰኛ ነው። እንዴት ያምራሉ! እኔ ግን ሆዴ ውስጥ ሌላ ነገር ነው ያለው። ገና በሰርጌ ቀን የዶሮው ፈረሰኛ እንኳ አልደረሰኝም። የደረሰኝ አንገት ነው። እንቁላል ሳይኖረው።

ከሰዓት ዘንገና ወረድን። ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ዙሪያው ደን ነው። ሚስቴ ትከሻዬ ላይ ደገፍ አለችና «አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለች። ፍቅር የመጣ መሰለኝ።

«አባዬ ሲቀኙልህ ለምን ፊትህን ከሰከስክ?»

«ሲሰድቡኝ ልሳቅ?»

ራቅ ብላ አየችኝ። ከዚያ ለአንደኛ ክፍል ተማሪ እንደሚነገር፣ ቀስ ብላ፣ ጣቷን እየቆጠረች፦ «ዕንቁ። ላሉን። ሰጠን።»

አልገባኝም። ደገመችው። ዕንቁ ላሉን ሰጠን። ልጃችንን ብዙ ሰው ጠይቆን ነበር፤ እኛ የሰጠናት ግን ዕንቁ ናት ላሉን ነው፤ ሌላው ዞሮ ይሂድ። ለካ ሰውዬው ያን ሁሉ ውርደት በሁለት መስመር አንሥተው፣ እንቁላሌን ዕንቁ አድርገው ሰጥተውኛል። በጽሑፍ ቢሆን በዓይኑ ዕ እለያት ነበር። በጆሮ ግን አንድ ናት። ጎጃም ተወልጄ ወርቁ አለፈኝ። ሰሙን ብቻ ይዤ፣ ያውም በሰሙ ተከራክሬ፣ ሁለት በልተዋል ብዬ በማይክ ከሰስኳቸው።

ድንቹን ተውት። ድንቹን ለምጄዋለሁ። ሌሊት የሚያባንነኝ ያ አንገቴን የነቀነቅኩት ነው።

ሦስተኛ ዓመታችንን ያከበርነው ትናንት ነው፣ ቤት ውስጥ፣ በቡናና በፈንዲሻ። አዲሱ ደብተር ላይ ወጪው ግማሽ ገጽ አልሞላም። የኔታም መጡ። በእጃቸው አንድ ትሬ እንቁላል ይዘዋል። ካገባን ጀምሮ በየዓመቱ ያው ነው ስጦታቸው፤ ሲሰጡኝም አንዲት ቃል አይናገሩም። ጉልበታቸውን ሳምኩና ተቀብዬ ወደ ጓዳ ስገባ ዓይኔ ትሬው ላይ ሄደ። ስድስት፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ስምንት…

29።

«ቆጠርካቸው አይደል?» አለች ሚስቴ ከሳሎን።

«ኧረ አልቆጠርኩም!»

የኔታ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«አንዷን ያመጣኝ ባለ ባጃጅ ወሰዳት» አሉ። «ያልተጠራ ነበር፤ ድንች ብሰጠው ይሻል ነበር።»