በፋይበር ፖሊመር ፌሮ የተሠራ ቢም እንዴት እንደሚሰነጠቅ፦ የስድስት ሳምንት የልምምድ ማስታወሻ

ከስድስት ሳምንት በፊት ይህን ርዕስ ማጥናት ስጀምር፣ ከመስታወት ፋይበር የሚሠራው የፖሊመር ፌሮ ከብረት ፌሮ የሚለየው ባለመዛጉና በቀላልነቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የአምራቾች ሰንጠረዥ የመሳብ ጥንካሬውን ከተለመደው ብረት በላይ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ በመጀመሪያው የልምምድ ስሌቴ ሦስት ባለ 12 ሚሊሜትር ብረቶችን በዚያው ቁጥርና ውፍረት ባላቸው የፖሊመር ፌሮዎች ተካሁና የመሸከም አቅሙን አስልቼ ደብተሬን ዘጋሁ። ስህተቴ የታየኝ የስንጥቁን ስፋት ለማስላት ስቀመጥ ነው።

የቢሙ (ጭነት የሚሸከመው አግዳሚ አካል) ወርድ 200፣ ቁመቱ 300 ሚሊሜትር ነው፤ የፌሮዎቹ መሃል ከታችኛው ገጽ 40 ሚሊሜትር ይርቃል፤ የኮንክሪቱ ጥንካሬ 30 ሜጋፓስካል ነው። የመጀመሪያው ስንጥቅ የሚወጣው ሞመንቱ (ጭነቱ ቢሙን ለማጉበጥ የሚያሳድረው ጫና) 10.2 ኪሎኒውተን ሜትር ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ ይህን ቁጥር የሚወስኑት የኮንክሪቱ ጥንካሬና የቢሙ ቅርጽ ስለሆኑ ፌሮው ቢቀየርም እምብዛም አይነቃነቅም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሞመንቱን 15 ኪሎኒውተን ሜትር አድርጌ ሳሰላ በብረቱ ላይ 187፣ በፖሊመሩ ላይ ደግሞ 178 ሜጋፓስካል የመሳብ ውጥረት አገኘሁ። ሁለቱ ቁጥሮች እጅግ ስለተቀራረቡ ለጊዜው ልክ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ የብረት ኢላስቲክ ሞጁለስ (መለጠጥን የመቋቋም ልኩ) 200 ጊጋፓስካል ሲሆን እኔ ለፖሊመሩ የወሰድኩት 45 ብቻ ነው፤ ስለዚህ በተቀራራቢ ኃይል እየተሳበ የፖሊመሩ ፌሮ ከአራት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። ስንጥቅን የሚከፍተው ደግሞ ይህ መለጠጥ ነው።

ስፋቱን ያሰላሁት የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት በፋይበር ፖሊመር ፌሮ ለሚሠራ ኮንክሪት በ2006 ባወጣው የ440 መመሪያ ቀመር ነው። በቀመሩ ውስጥ ፌሮው ከኮንክሪቱ ጋር ያለውን ትስስር የሚወክል አንድ ኮፊሸንት አለ፤ ትስስሩ እንደ ብረት ጥሩ ከሆነ 1.0 ይሆናል፣ የሙከራ ውጤት ከሌለ ግን መመሪያው 1.4 እንዲወሰድ ይመክራል። በ1.0 ሳሰላ ስፋቱ 0.47፣ በ1.4 ሳሰላ 0.66 ሚሊሜትር ወጣ፤ የብረቱ ቢም 0.11 ብቻ ነበር። ፖሊመር ስለማይዝግ መመሪያው ለውጭ ለሚጋለጥ ቢም እስከ 0.5፣ ለውስጥ እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይፈቅዳል። እንግዲህ ለውጭ የታሰበ ያው አንድ ቢም በአንደኛው ኮፊሸንት ያልፋል፣ በሌላው ይወድቃል። በእኔ አስተያየት ከጥንካሬው ሰንጠረዥ ይልቅ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የፌሮው ገጽ ነው፦ አሸዋ የተለበሰ ነው ወይስ ጥርስ ያለው፣ ትስስሩስ በሙከራ ተለክቷል?

በአራተኛው ሳምንት አንድ ፌሮ ጨመርኩ። ፌሮዎቹ አራት ሲሆኑ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከመቀነሱም በላይ በመሃላቸው ያለው ርቀት ከ60 ወደ 40 ሚሊሜትር ስለሚወርድ፣ በ1.4 እንኳ ስፋቱ ወደ 0.44 ዝቅ አለ። በፌሮዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት 28 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ ግን የጠጠሩን መጠን ከወዲሁ ማሰብ ግድ ነው፤ ይህን ያስታወሰኝ ስሌቱ ሳይሆን በሳይት ላይ ኮንክሪት ሲያስሞሉ የኖሩ አንድ ፎርማን ናቸው።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ተመሳሳይ ቢም ሙከራ ቆሜ አየሁ። የመጀመሪያው ስንጥቅ እንደ ብረቱ ቀስ እያለ አልወጣም፤ በአንድ ጊዜ ተወርውሮ ወደ ላይኛው ጠርዝ ተጠጋ። በስሌቴ ከስንጥቁ በኋላ በፖሊመሩ ቢም ላይ ኒውትራል አክሲሱ (የሚጨመቀውን የላይኛውን ክፍል ከሚሳበው የታችኛው የሚለየው መስመር፣ ስንጥቁም ወደዚያ ተጠግቶ የሚቆምበት) ከላይ 36 ሚሊሜትር፣ በብረቱ ላይ 71 ሚሊሜትር ላይ መሆኑን ባስታውስ ኖሮ ባልደነገጥኩ ነበር። ጭነቱ ሲነሳ ስንጥቁ አብዛኛውን ስፋቱን መልሶ ዘጋ፤ ፖሊመሩ እስኪበጠስ ድረስ ኢላስቲክ ሆኖ ስለሚቆይና እንደ ብረት ተለጥጦ ስለማይቀር ነው።

የሚቀጥለው ሥራዬ የራሴን ቢም በአራት ፌሮ ሞልቶ የስንጥቁን ስፋት በስንጥቅ መለኪያ ማይክሮስኮፕ መለካት፣ ከዚያም ወደ ኋላ አስልቶ የያዝኩት ፌሮ ኮፊሸንት ወደ 1.0 ወይስ ወደ 1.4 እንደሚቀርብ ማየት ነው። የእንጨቱ ቅርጽ ተሠርቷል፤ ፌሮው በሳይት ላይ ስለማይታጠፍ ስታፋውን (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚይዘውን የታጠፈ ፌሮ) ለጊዜው ከብረት አድርጌዋለሁ።