ምስጢራዊው የወይን ካርቶን፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን ቤቴ የደረሰውን ምስጢራዊ የወይን ካርቶን ገና ሳልቀምሰው፣ የትኛው ጠርሙስ ጥሩ እንደሚሆን ገምቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ከፍተን ስንቀምስ ግምቴ በአብዛኛው ልክ ወጣ። በጣም ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ይህን ነገር ዕድል ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ ግን አሁን ሌላ ነው የሚታየኝ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ካርቶኑ ውስጥ የገባበት ምክንያት አለው፤ ያ ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። እዚህ እንግሊዝ አገር ወይን በኦንላይን የሚሸጡ ድርጅቶች «ሚስትሪ ኬዝ» የሚሉት ነገር አላቸው። 6 ወይም 12 ጠርሙስ ይሆናል። ቀይ፣ ነጭ ወይም ድብልቅ ብላችሁ ትመርጣላችሁ። ከዚያ ወዲያ የሚላክላችሁን የምታዩት ካርቶኑን ስትከፍቱ ነው። ዋጋው ከመደበኛው ይቀንሳል።

እኔ ያደግኩት በጠጅ ነው። ወይን ማለት ለእኔ ሠርግ ላይ የሚቀርብ ጉደር ነበር። ልዩነቱንም ቀይና ነጭ፣ ድራይና ስዊት ብዬ ነበር የማውቀው። እዚህ መጥቼ ብዙ ዓይነት ወይን መቅመስ ስፈልግ ርካሹ መንገድ ይህ ካርቶን ሆኖ አገኘሁት። ብቻዬን አልገዛም። ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ እናዋጣና ጠርሙሶቹን እንደ እቁብ በዕጣ እንካፈላለን። የደረሰውን የከፈተ ሰው ለሌሎቹ ያቀምሳል። በዚህ መንገድ ከፍራንስና ከጣሊያን አልፌ ብዙ የወይን ፍሬ ስም ለመድኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ወይን ለምን ምስጢራዊ ካርቶን ውስጥ ይገባል? አንዳንዱ ቀሪ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ጥቂት ጠርሙስ ሲቀር ለብቻው ማስተዋወቅ አያዋጣም። አንዳንዱ የአዲሱ ዓመት ምርት ስለገባ ቦታ እንዲለቅ የተፈለገ ነው። አንዳንዱ አምራቹ የጠርሙሱን ወረቀት ስለቀየረ አሮጌው መልክ የቀረበት ነው። በጋው ካለፈ በኋላ የሚላክ ሮዜም (ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ያለው ወይን) አለ። ደግሞ ስሙን ማንም ስለማያውቀው ብቻ ሳይሸጥ የቀረ አለ። የኦስትሪያ ብላውፍራንኪሽ፣ የግሪክ አጊዮርጊቲኮ፣ የፖርቹጋል ባጋ እንዲህ ያሉ ናቸው። እኔ የምወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። ወይኑ ምንም አልጎደለውም፤ ስሙን መጥራት ስለሚከብድ ብቻ ነው የቀረው።

ያስቸገረኝ ሌላው ዓይነት ነው። ለሻጩ ድርጅት ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ሌላ ቦታ የማይሸጥ ወይን አለ። ማስታወቂያው «የ144 ፓውንድ ወይን በ72 ፓውንድ» ይላል። ግን 144 ያለው ማን ነው? ሻጩ ራሱ። ወይኑ ሌላ ሱቅ ውስጥ ስለሌለ ማወዳደር አይቻልም። ለረጅም ጊዜ ያናደደኝ ይህ ነው። ቅናሹ እውነት ይሁን አይሁን የምለይበት መንገድ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የረዳኝ ሒሳብ ነው። 72 ፓውንድ ለ12 ሲካፈል አንዱ ጠርሙስ 6 ፓውንድ ነው። ከዚህ ላይ 1 ፓውንዱ ቫት ነው፤ እዚህ ቫት 20 በመቶ ነው። ቀጥሎ የአልኮል ቀረጥ አለ። እንደ ፈረንጆቹ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ቀረጡ የሚሰላው በአልኮሉ መጠን ነው። በ2025ቱ ተመን 12.5 በመቶ ለሆነ ወይን 2.77 ፓውንድ፣ 14.5 በመቶ ለሆነ ደግሞ 3.21 ፓውንድ ገደማ ይመጣ ነበር። እንግዲህ በዚያ ሒሳብ ለ12.5 በመቶው ወይን ከ6 ፓውንዱ የሚተርፈው 2.23 ነው። ከዚያ ውስጥ ጠርሙሱ፣ ቡሹ፣ መርከቡ፣ መጋዘኑ፣ እስከ ቤት ማድረሻውና የነጋዴው ትርፍ ይወጣል። ለወይኑ ስንት ቀረ? ጠርሙሱ 10 ፓውንድ ቢሆን ግን ከቫትና ከተመሳሳዩ ቀረጥ በኋላ 5.56 ይተርፋል። ዋጋው በእጥፍ እንኳን ሳይጨምር የሚተርፈው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። በጣም ርካሹን ካርቶን ተዉት። ለ12 ርካሽ ጠርሙስ የምታወጡትን ለ6 የተሻለ ጠርሙስ አውጡ። በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረናል፤ አሁንም አልተስማማንም፤ እኔም ከአቋሜ አልነቃነቅም።

ሁለተኛው መሣሪያዬ የጠርሙሱ ጀርባ ነው። ፊት ለፊት ያለው ወረቀት ለዓይን የተሠራ ነው። ወርቃማ ፊደል፣ የቤተ መንግሥት ሥዕል፣ ሜዳልያ ታያላችሁ። ሕጉ የግድ የሚያስጽፈው ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው ያለው። አጉሊ መነጽር ገዝቼለታለሁ።

በመጀመሪያ የማየው የት እንደታሸገ ነው። የፈረንሳይ ወይን ከሆነ «ሚ ዘን ቡቴይ ኦ ሻቶ» ወይም «ኦ ዶሜን» የሚል ጽሑፍ እፈልጋለሁ። ወይኑ እዚያው በተመረተበት ቦታ ታሽጓል ማለት ነው። በዚያ ፈንታ የአሻጊው ስም በቁጥርና በፊደል ኮድ ብቻ ከተቀመጠ፣ ነጋዴ ከተለያየ ቦታ ገዝቶ ያሸገው ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ የታሸገ ደግሞ ብዙ ጊዜ W ብሎ የሚጀምር ኮድ ይኖረዋል። የውጭ አገር ወይን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በትልልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ በመርከብ መጥቷል ማለት ነው፤ አንዱ ከረጢት 24,000 ሊትር ያህል ይይዛል። እዚህ የሚሸጠው የአውስትራሊያ ወይን አብዛኛው እንዲህ ነው የሚመጣው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። እንዲህ የመጣ የሚጣፍጥ ሺራዝ የሚባል ቀይ ወይን ጠጥቻለሁ። ግን በከረጢት መጥቶ እዚህ የታሸገውን ወይን «የ15 ፓውንድ ነበር» ሲሉኝ አላምንም።

ቀጥሎ የተለቀመበትን ዓመት አያለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» ይላል። ለአብዛኛው ወይን ይህ ልክ አይደለም። ርካሽ ሮዜ ወይም እንደ ፒኖ ግሪጆና ሶቪኞ ብላን ያለ ነጭ ወይን ሦስትና አራት ዓመት ከሞላው ፍሬሽነቱ አልፏል ማለት ይቻላል። ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ግን ኮምጣጣነቱ ስለሚጠብቀው ሲቆይ ያምርበታል። ካርቶን ውስጥ አሮጌ ሪዝሊንግ ሲመጣ የእኔ ዕጣ እንዲሆን ነው የምመኘው።

ከሁሉም የምወደው የሪዮሃ ጀርባ ነው። የስፔን ሪዮሃ ወይን ከኋላው ትንሽ የማረጋገጫ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ቀለሙን አይቶ ደረጃውን ማወቅ ይቻላል። አረንጓዴው ማስቆየት የማይገደድበት ነው። ቀዩ ክሪያንሳ፣ ጥቁር ቀዩ ሬሴርቫ፣ ሰማያዊው ግራን ሬሴርቫ ነው። ሬሴርቫ የሚባል ቀይ ወይን ቢያንስ ሦስት ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ዓመት በእንጨት በርሜል ነው። ግራን ሬሴርቫ አምስት ዓመት ነው። ሻጩ የፈለገውን ዋጋ ቢለጥፍ ያን ወረቀት የሚሰጠው እሱ አይደለም። ዲኦቺጂ የሚባለው የጣሊያን ከፍተኛ ደረጃ ወይንም አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ወረቀት አለው። ከካርቶኑ ውስጥ እነዚህን ምልክቶች ቀድሜ እፈልጋለሁ። ሰሞኑን የገመትኩትም በዚሁ ነው። ሰማያዊ ወረቀት ያለውን ሪዮሃ ከላይ፣ በW የሚጀምር ኮድ ያላቸውን ከታች፣ አሮጌውን ሮዜ መጨረሻ ላይ ጻፍኩ።

ለወይን ኮከብ የሚሰጥ የስልክ መተግበሪያ ለምን አትጠቀምም የሚሉኝ አሉ። ስልኩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ኮከብ ማየት ነው። ከመቅመሴ በፊት አልነካውም። ኮከቡን ያየ ምላስ ነፃ አይሆንም። ለአንድ ድርጅት ብቻ የተሠራ ወይን ከሆነ ደግሞ ኮከብ የሚሰጡት ያንኑ ካርቶን የገዙት ሰዎች ናቸው። ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልሎ መቅመስ ይሻላል። አንድ ሰው ይጠቅልል፣ ሌላው ይቅዳ፣ ሁሉም የየራሱን ይጻፍ፣ ከዚያ ይገለጥ። ሲራ (ሺራዝ የሚባለው ያው ፍሬ) ሲመጣልኝ ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን የአገራችንን የሪፍት ቫሊ ሲራ አብሬ ጠቅልዬ አቀርባለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን መቅመስ ስለ ፍሬው ብዙ ያስተምራል።

ስለ ቡሽም ልበል። ወይኑ የራሰ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ፣ የፍሬው ሽታም ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ቲሲኤ የሚባል ውሕድ ነው። የስዊዘርላንዱ ሃንስ ታነር በ1981 የለየው ነገር ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ብቻ ቢኖር እንኳ አፍንጫ ይለየዋል። ጤና አይጎዳም፤ ወይኑን ግን ይገድለዋል። እንዲህ ሲሆን አትድፉት። ቡሹን መልሳችሁ ለሻጩ ጻፉ። ምስጢራዊ ካርቶን ስለሆነ መብት የለም ማለት አይደለም። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ለእሱም ይሠራል። በኦንላይን ስለገዛችሁም ከተረከባችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ውሉን ያለ ምክንያት መተው ትችላላችሁ፤ በእርግጥ ያልተከፈተውን ነው።

አንድ ሌላ ነገር። አንድ ድርጅት የመጀመሪያውን ካርቶን በጣም አርክሶ ሸጠልኝና በየሦስት ወሩ ሌላ ካርቶን መላክ ጀመረ። በየወቅቱ የሚቀጥል ውል እንደሆነ በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነበር። ይህን አሠራር አጥብቄ እቃወማለሁ። የመጀመሪያው ካርቶን ዋጋ በጠርሙስ ከ5 ፓውንድ በታች ከሆነ፣ ከላይ ያለውን ቀረጥ ደምሩና ቀሪውን ከየት ሊያገኙት እንዳሰቡ ጠይቁ።

የምግቡ ነገር ለእኛ የተለየ ነው። የሚመጡት ካርቶኖች በአልኮል በከበዱ፣ ታኒናቸው አፍ በሚያደርቅ ቀይ ወይኖች የተሞሉ ናቸው። እነዚህ ከዶሮ ወጥ ጋር አይሄዱም። አልኮሉ በርበሬውን ያቀጣጥለዋል፤ ታኒኑ ደግሞ ምሬት ይጨምራል። ለወጥ የሚሆነው ታኒኑ ለስላሳ የሆነ ነው፤ ለምሳሌ ከፈረንሳይ ቦዦሌ የሚመጣው ጋሜ የሚባል ቀይ ወይን። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ትንሽ ጣፋጭነት ያለው የጀርመን ሪዝሊንግ ነው። ወረቀቱ ላይ «ካቢኔት» የሚል ካለና አልኮሉ 8 ወይም 9 በመቶ ከሆነ፣ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል አልተቀየረም ማለት ነው። «ትሮክን» የሚል ካለ ግን ድራይ ነው፤ ለወጥ አታውሉት። ከባዶቹን ቀዮች ለጥብስና ለቁርጥ አስቀምጧቸው፤ ከስጋው ስብ ጋር ይስማማሉ።

አሁንም ካርቶኑን ማዘዝ አላቆምኩም። ሒሳቡን ስሠራ አንዳንዱ ካርቶን እንደማያዋጣ አውቃለሁ፤ ግን የማላውቀውን ፍሬ የማገኝበት ሌላ መንገድ የለኝም፤ ካርቶን የሚከፈትበትን ምሽትም በጣም እወደዋለሁ። ለበዓል ግን በፍጹም አላዝም። ለፋሲካ የሚሆነውን የጀርመን ሞዜል ካቢኔት ስሙንም ዓመቱንም መርጬ ለብቻው ገዝቼ አስቀምጫለሁ። አሜሪካና ጀርመን ያላችሁ እዚያ የሚላክላችሁ ካርቶን ምን እንደሚይዝ ጻፉልኝ፤ በተለይ የጀርባውን ጽሑፍ።