የቀዩ ቮልስ ቀለም

ዛሬ ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ካለ አንድ ላቫጆ ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ አንድ አዛውንት ከቀይ ቮልሳቸው ጋር ቆመዋል። አጣቢው ልጅ ደረቅ ጨርቅ አንስቶ አቧራውን ሊጠርግ ሲል እጁን ያዝ አደረጉት።

«ተው ልጄ፣ አቧራው እኮ አሸዋ ነው፤ ይፍቀዋል። መጀመሪያ ውሃ ልቀቅበት።»

የልብስ ሳሙና ዱቄቱንም አስቀሩት፤ የተቀባውን ሰም ጠርጎ ይወስደዋል። መኪናው ታጥቦ ሲደርቅ ጥላ ስር አስጠጉትና ኮፈኑን ራሳቸው በፖሊሽ ያሹት ጀመር። ነጩ ጨርቅ ቀላ። ልጁ ክው አለ።

«ጋሼ፣ ቀለሙ እየለቀቀ ነው!»

ጨርቁን ዘርግተው አሳዩት። የለቀቀው ፀሐይ አቃጥሎ ዱቄት ያደረገው ስስ ሽፋን ነው። የድሮ መኪና ቀለም እንደ ዛሬዎቹ ከላዩ ጥርት ያለ መከላከያ ስለሌለው ጨርቁን ያቀልማል። «ሲያበራልህ አቁም፤ ካበዛኸው ብረቱ ላይ ትደርሳለህ» አሉት። ከስሩ እንደ በርበሬ ዛላ የሚያበራ ቀይ ወጣ! ከዚያ ሰም ቀቡት።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም አትምርም። እኛ ደግሞ ትንሽ ሲደበዝዝ «ይቀባ» ለማለት እንቸኩላለን። ስንት የፋብሪካ ቀለም፣ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጠፋ! ያሳዝነኛል።

የአባቴ ኮሮላም በዚህ ሳምንት ቀለም ቤት ሊገባ ነበር። ደውዬ አስቀርቼዋለሁ። መጀመሪያ የበሩን ጥግ በፖሊሽ እንሞክረዋለን።