ዕድሜ ለምነን ዕድሜ ሰጠን

የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። ምስክርነት ሲባል ብዙ ሰው ከተሽከርካሪ ወንበር ተነሥቶ የሄደ ሰው ይጠብቃል። የእኛ እንደዚያ አይደለም። ሕብለ ሰረሰራችን ከተጎዳ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፈን፣ ዛሬም ወንበራችን ላይ ያለን ሰዎች ነን፤ ያስታመሙንና አብረውን የጸለዩትም በዚህ ቃል አሉበት። «በእርጅናችን ዘመን አትጣለን» ብለን ለምነን ነበር፤ ይኸው ሸበትን። ለጸሎታችን የተሰጠን መልስ ይህ ነው።

መሸበት ምኑ ይመሰከርለታል ለሚለን፣ ታሪኩ ይታይ። አንድ የጥንት ግብፅ የሕክምና ጽሑፍ አንገቱ ተጎድቶ እጅና እግሩ የማይታዘዝለትን ሰው የማይታከም ብሎ ትቶታል። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም፤ የተጎዳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያርፍ ነበር። የሚገድለው ሽባነቱ አልነበረም። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት መድከምና የአልጋ ቁስል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለእንደ እኛ ያሉ ሰዎች ክፍል ከፈተ፤ በሽተኛን ሌትና ቀን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ሽንቱን በጥንቃቄ ማውጣት፣ ከአልጋ አውርዶ ሥራና ስፖርት ማስያዝ ጀመረ። በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው የሽንት ሐኪም ጃክ ላፒደስና ባልደረቦቹ ሰው በገዛ እጁ፣ በንጹሕ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ)፣ በየተወሰነ ሰዓት ሽንቱን ማውጣት እንደሚችል አሳዩ። ኩላሊታችን የዳነው በዚህ ነው። እግዚአብሔር በእነዚህ ሰዎች እጅ መለሰልን ብለን እናምናለን። ስለዚህ ካቴተርንና እምነትን የሚያጋጭ ስብከት አይገባንም፤ ተጸለየልኝ ብሎ መገላበጡን የተወ ሰው ቆዳው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቆስላል።

ዕድሜው ሲሰጠን ግን አካሉም አብሮ አረጀ፤ ከእኩዮቻችንም ቀደመ። መጀመሪያ የሚደክመው ትከሻ ነው። ትከሻ እጅን ወደ ፈለጉት ለመላክ የተሠራ መጋጠሚያ ነው፤ ሙሉ ሰውነት ለመሸከም አልተሠራም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ፣ ወደ መኪና ስናልፍ ግን ክብደታችን በሙሉ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። የክንዱን ራስ አቅፈው የያዙት ጅማቶች ቀስ በቀስ ይሳሳሉ፣ ይቀደዳሉ። ክንድ ወደ ጎን ሲነሣ የሚወጋ፣ ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት የሚከለክል ሕመም ምልክቱ ነው። ጅማቱ በቀዶ ጥገና ከተሰፋ ክንዱ ለብዙ ሳምንታት ክብደት አይሸከምም፤ በሁለት እጁ ለሚኖር ሰው ይህ ማለት ለዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላ ሰው ያንሣው ማለት ነው። ስለዚህ ሳይቀደድ መጠበቅ ይሻላል።

የሚጠበቀውም እንዲህ ነው። የወንበሩ የኋላ ጎማ ወንበሩ ወደ ኋላ ሳይገለበጥ የሚቻለውን ያህል ወደ ፊት ተጠግቶ ይገጠማል። እጅ የጎማው እጀታ (ጎማውን የምንገፋበት ክብ) አናት ላይ ሲያርፍ ክርን ላይ የሚሠራው ማእዘን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚህ ከወጣ መቀመጫው ከፍ ብሏል ወይም ዝቅ ብሏል። ሲገፉ በአጭሩ ቶሎ ቶሎ ሳይሆን ረዘም፣ ለስለስ አድርጎ፣ እጅን ከእጀታው በታች አሳልፎ መመለስ። ጎማ አየር ሲያንሰው ትርፍ ጉልበት የሚከፍለው ትከሻ ስለሆነ አየሩ በየጊዜው ይታይ። ከቦታ ወደ ቦታ ሲያልፉ ሁለቱ መቀመጫዎች እኩል ከፍታ ቢኖራቸው፣ ካልሆነ መሻገሪያ ሳንቃ ቢገባ፣ የሚቀድመውም ክንድ ቢፈራረቅ ጥሩ ነው። መዳፍን ዘርግቶ፣ አንጓን አጥፎ መደገፍ የእጅ አንጓን ነርቭ ይጨቁናል፤ ጠርዝ ጨብጦ መደገፍ ይሻላል። በላስቲክ ገመድ ክርንን ከጎን አስጠግቶ ክንድን ወደ ውጭ መሳብ፣ የትከሻ አጥንቶችን ወደ ኋላ ማገናኘት፣ ደረትን ማፍታታትም ይረዳሉ። ሞተር ያለው ወንበር መቀበል እምነት የጎደለው የሚመስላቸው ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛ አይመስለንም፤ ቢያንስ ለረጅም መንገድ ይያዝና የቀረው የትከሻ ጉልበት ከአልጋ ለመውረድ ይቆይ።

ቆዳም በዕድሜ ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው ሥጋም ይቀንሳል፤ ለዓመታት የተመቸ የመቀመጫ ትራስ ድንገት የማይመች የሚሆነው ለዚህ ነው። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደትን ማንሣት ግድ ነው፤ ግን በሁለት እጅ ተደግፎ ለጥቂት ሰከንድ ብድግ ማለት ትከሻን ይጎዳል፣ ለቆዳውም አይበቃም። የተጨቆነው ሥጋ ደም እስኪመለስለት ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ደረትን ወደ ጉልበት አስጠግቶ ማጎንበስ፣ ወይም ወደ ግራና ቀኝ መጋደል ያን ያህል ጊዜ ያስቆያል። በረጅም ጉባኤ መካከል ማጎንበስ ማንንም አይረብሽም፤ የሚጸልይ ሰው ነው የሚመስሉት። በአየር የሚነፋ ትራስ ያለው ሰው ተቀምጦ እያለ እጁን ከሥሩ አስገብቶ ይፈትሽ፤ ከመቀመጫ አጥንቱ እስከ ትራሱ ወለል ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ካልቀረ አጥንቱ ወለሉ ላይ ሊያርፍ ነው። ጠዋትና ማታ በመስታወት ቆዳ ይታይ። ቦታው ከቀላ፣ በጣት ሲጫኑትም የማይነጣ ከሆነ፣ መቅላቱ እስኪጠፋ ድረስ በዚያ ላይ አይቀመጡም።

ስለ አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ፣ ማለትም የደም ግፊት ድንገት በአደገኛ ሁኔታ ስለሚዘልበት ችግር፣ አጥብቀን የምንናገረው ጸሎት ቤት ውስጥም ሊነሣ ስለሚችል ነው። ጉዳቱ ስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የላይኛው የደም ግፊቱ ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነው። ከለመደው በ20 ከዘለለ ያስጠነቅቃል፤ 140 ለሌላው ሰው ብዙም የማያስደነግጥ ሲሆን ለእርሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። የሚፈነክት ራስ ምታት፣ ከጉዳቱ በላይ ላብና መቅላት፣ የአፍንጫ መታፈን፣ የቆዳ ፀጉር መቆም ምልክቶቹ ናቸው። ከጉዳቱ በታች አንድ ነገር እየጎዳው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሞላ ፊኛ። ሰው ተንቀጥቅጦ ሲያልበው መንፈስ ነው ብሎ አስተኝቶ እጅ መጫን እዚህ ላይ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል፤ መተኛት ግፊቱን ይጨምራል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን ወደ ታች አውርዱ፣ ቀበቶና ጠባብ ልብስ ፍቱ። የካቴተሩ ቱቦ መታጠፉን እዩ፤ ካቴተር ከሌለው ሽንቱን አውጡ። ካልቀነሰና ግፊቱ ከ150 በታች ከሆነ ወደ አንጀት ይኬዳል፦ ጓንት አድርጎ፣ ሊዶኬይን ጄል ቀብቶ፣ ማደንዘዣው እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ ሰገራውን ማውጣት። ግፊቱ በየሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ይለካ። ከ150 ካለፈና ምክንያቱ ካልተገኘ ቶሎ የሚሠራ የግፊት መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ባለፉት 24 ሰዓታት ለብልት መቆም የሚወሰደውን ሲልዴናፊል የወሰደ ሰው ናይትሮግሊሰሪን የተባለው የግፊት ማውረጃ አይሰጠውም። የወሰደው ለዚያው የሚሆነው ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት ይቆጠራል። ይህን ለሐኪም መናገር አያሳፍርም። ጸልዩለት፤ ግን ተቀምጦ ነው።

ሽንት በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ይወጣል፣ በአንድ ጊዜም ከ500 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ። ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ ብቻ፣ ትኩሳትም ሌላ ምልክትም ሳይኖር፣ አንቲባዮቲክ አያስወስድም፤ በየጊዜው መዋጡ መድኃኒቱን የሚለምድ ጀርም ያፈራል። ኩላሊትን በየዓመቱ በአልትራሳውንድ ማሳየት ያስፈልጋል። የደም ምርመራው ክሬቲኒን ብቻ ከሆነ ሊያታልል ይችላል፦ ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ ነው፣ የእኛ ጡንቻ ስለሳሳ ኩላሊት ደክሞም ቁጥሩ ደህና ይመስላል። ሲስታቲን ሲ የተባለው ምርመራ በጡንቻ ብዙም አይወሰንም። ለዓመታት ካቴተር ተተክሎበት የኖረ ሰው ሽንቱ ውስጥ ደም ካየ ሁልጊዜ ኢንፌክሽን ነው አይበል፤ የፊኛ ካንሰር አለመሆኑ ይጣራ።

ሕመም የማይሰማን መሆኑ በእርጅና የበለጠ ይጎዳናል። ከጉልበት በላይና በታች ያለው አጥንት ይሳሳል፤ እግር ሲጠማዘዝ ብቻ ሊሰበር ይችላል። እግሩ ያበጠ፣ የሞቀ፣ ጡንቻው ከወትሮው የበለጠ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ስብራት ወይም የደም መርጋት እንደሆነ ሳይታይ አይታሽ፣ አይንቀሳቀስ። ድንገተኛ የልብ ጥቃትም ያለ ደረት ሕመም ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ ጉዳቱ ከፍ ላለ ሰው። ለዓመታት ሲሠራ የኖረ እጅ መድከም ከጀመረ፣ ወይም የመደንዘዙ ድንበር ወደ ላይ ከወጣ፣ እርጅና ነው ተብሎ አይታለፍ። በሕብለ ሰረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላልና በኤም አር አይ ይታይ።

አንጀትም ይዘገያል። ሃያ ደቂቃ ይበቃው የነበረው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስድ የምግብ ሰዓቱ፣ ውኃው፣ መድኃኒቱ እንደገና ይታይ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ በሆድ በኩል መውጫ ማሠራትን የመረጡና ጌታን ያመሰገኑ አሉ።

የጸሎት ርእስም አለን። ሲያነሡን የኖሩት እናቶች፣ ባሎችና ሚስቶች አብረውን አርጅተዋል፤ ወገባቸው አይችልም። ሰው ማንሻ መሣሪያና ሰውነትን አቅፎ የሚይዘው ጨርቁ መግባት ያለባቸው ወገባቸው ከመጎዳቱ በፊት ነው፤ ሁለተኛ ሰውም አሠራሩን አብሮ ይማር። ለዚህ የሚያግዘን ሰው እግዚአብሔር እንዲሰጠን እየለመንን ነው፤ አብራችሁን ለምኑ።